የእትዬ ሸዋረጋ እሑድ

እትዬ ሸዋረጋን ያወቅኳቸው ሮም ውስጥ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አጠገብ በነበረ አንድ የጽዳት ድርጅት ነው። ጊዜው 1975 ዓ.ም. ነበር። እኔ ደርግን ሸሽቼ የመጣሁ ጎረምሳ፣ ጣሊያንኛ በመቻሌ ቢሮ አስቀመጡኝና ልቤ አብጦ ነበር።

እሳቸው ከሐበሾቹ ሠራተኞች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ያጸዳሉ፤ እሑድ ግን የራሳቸው ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሣባ ከከተማው ወጣ ብሎ መነኮሳት ዘንድ አዳሪ ናት። መነኮሳቱ ጠያቂ የሚያስገቡት እሑድ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ብርቱካንና ካልሲ ይገዙላታል።

ድርጅቱ የግለሰብ ቤት ማጽዳቱን ትቶ ወደ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሊዞር ቆርጦ ነበር። ቢሮ የሚጸዳው ሰው በሌለበት ነውና እሑድ መሥራት ግድ ሆነ። ውሉ ተፈርሟል፤ ፋይሉ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን ሴቶቹ ጥለውት እንዳይሄዱ ፈርቶ፣ ስብሰባ ላይ "እንዴት እሺ ይላሉ?" ብሎ ጠየቀ። ዝም ብል ምን ነበረበት! ብልጥ ለመባል ብዬ አፌን ከፈትኩ።

"አትዘዛቸው፤ ትልቋን ሴት አማክራት። የኛ ሰው ታላቁን አይጋፋም። እሷ ካመነች ሌሎቹ ይከተላሉ" አልኩት።

"ብራቮ!" አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

እትዬ ሸዋረጋን ጠርተን የሥራ አስኪያጁ ክፍል፣ ደህናው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ምክርዎን ፈልገን ነው አልኳቸው። አሥር ዓመት ሮም ሲኖሩ የሚያዛቸው እንጂ የሚያማክራቸው አላገኙም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"ማንደፍሮ ልጄ፣ ነገሩ አልቋል ወይስ ገና ነው?"

"ኧረ ገና ነው፣ እትዬ! እርስዎን ሳንሰማ ምን ይወሰናል?"

አመኑኝ። ሴቶቹን አንድ በአንድ እየዞሩ፣ ያኮረፈችውን እየለመኑ አግባቡ። በሳምንቱ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ከኛ ዕቅድ የተሻለ ነበር፦ እሑድን በተራ፣ ለእያንዳንዷ በወር ሁለት። "ቫ ቤኔ፣ መልካም ነው" ብዬ ጻፍኩላቸው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሳያነብ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። የፈለገው እሺታቸውን ብቻ ነበር።

ተራ የሚባል ነገር አልመጣም፤ እሑድ ሁሉ ሥራ ሆነ። ሴቶቹ "ሸጠችን" ብለው እትዬ ሸዋረጋን ሰላም ማለት ተዉ። ሣባም አራት እሑድ በሩን ስታይ ዋለች።

በአምስተኛው ሳምንት ቢሮ መጡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። እጄን ያዙኝ።

"አይዞህ ልጄ፣ አትዘን። አንተንም እንደኔው አታለውህ ነው፤ አውቃለሁ።"

እውነቱን ብናገር ስማቸው ሴቶቹ ዘንድ ይነጻ ነበር። ይህን እያወቅኩ፣ "አዎ እትዬ፣ እኔንም አታለሉኝ" አልኳቸው።