የአባቴ ታኮ

ከቤቴ በር ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከበድ ይላል፤ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ፀሐይ ሲመታው እስከ ዛሬ የጎማና የዘይት ሽታ ይሸተኛል። ማታ መኪናዬን ሳቆም ከጎማው ሥር ስወሽቀው ልጄ "እማዬ፣ የእጅ ፍሬን አለው እኮ!" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። የእጅ ፍሬንን ነገር እኔ የተማርኩት በሠርጌ ቀን ነው።

አባቴ አቀስታ ውስጥ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ መኪና ነበረው። የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ ያደረሰው በዚያ ነው። ገና ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ "ያንቺ ቀን ሲደርስ ሌላ ሰው አይነዳሽም፤ እኔው ነኝ የማደርስሽ" ይለኝ ነበር። የእኛ አገር የጥር ብርድ ውኃ ያረጋል። ስለዚህ ማታ ማታ የእጅ ፍሬን አይስብም፤ መኪናውን ደልዳላው ቦታ ላይ ያቆምና ይህን ድንጋይ ከጎማው ሥር ይወሽቃል። ታኮ ይለዋል። ጠዋት በእግሩ ነካ አድርጎ ያወጣና መኪናው ውስጥ ይወረውረዋል። ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ ድምፅ ነበር። መኪናውን ፈትቶ ሲጠግንም መፍቻ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

የሠርጌ ዋዜማ ግን ደልዳላው ቦታ ላይ ዳስ ተጣለ። አባቴ አመሻሽ ላይ መኪናውን መስታወት እስኪመስል አጥቦ ቁልቁለቱ ላይ አቆመው።

የሙሽራው አገር መካነ ሰላም ሩቅ ነውና በማለዳ ልንነሣ ሆነ። ቬሎዬን ሰብስቤ ከኋላ ከሙሽራው ጎን ተቀመጥኩ። እልልታው ቀለጠ። አባቴ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ አስገባ። መኪናው አጓራ፣ ከኋላ ዝቅ አለ፣ ከቦታው ግን ፈቀቅ አላለም።

ደገመ። ሠለሰ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፈነን። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየና "የኋላ ቀኙ ጎማ ተይዟል! ዲፍረንሻሉ ነው" አለ። ዋናው ሚዜ ካምቢዮው ነው ብሎ ተከራከረ። አክስቴ ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለች። አባቴ "ትንሽ ወደ ኋላ ብመልሰው ይላቀቅ ይሆናል" ሲል አክስቴ ከመኪናው ኋላ ሄዳ ተገተረች።

"በስመ አብ! ሙሽራ የጫነ መኪና ወደ ኋላ? እኔ ቆሜ አይሆንም!"

እኔም መውረድ አልችልም፤ ተሸኝታ የተሳፈረች ሙሽራ ደጃፏ ላይ አትወርድም። በመጨረሻ ሚዜው በትሕትና ወደ መስኮቱ ቀርቦ "አባባ፣ ግድ የለም፤ የእኛን መኪና እናስጠጋና አቅፈን እናሻግራታለን" አለ።

አባቴ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። የሰውን ልጅ ሁሉ አድርሶ የራሱን ልጅ ሌላ ሰው ሊነዳበት ነው!

ሙሽራ አትናገርም። ሙሽራው እጄን ጫን አድርጎ "ዝም በይ" አለኝ። ዝም ማለት የት አውቄ! ዓይነ ርግቤን ገልጬ በመስኮት ጮህኩ።

"ግራው ጎማስ?"

"ግራውማ አፈር እየዛቀ ይሽከረከራል" አለ አጎቴ።

"እንግዲያ ካምቢዮውም ዲፍረንሻሉም ደኅና ናቸው። ኃይሉ እየደረሰ ነው።"

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ነገሩ የገባኝም ያን ጊዜ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የድንጋዩን ድምፅ አልሰማሁም። የሰማሁት፣ ልንነሣ ስንል፣ ከአባቴ ወንበር አጠገብ ቀጭ ያለ ነገር ነው።

"አባባ፣ ማታ የእጅ ፍሬን ስበው ነው ያሳደሩት?"

ዞሮ አየኝ። "ቁልቁለት ነው ብዬ... አጥቤው..." አለና ዓይኑ በራ። "ሸራው!"

"አዎ! የፍሬኑ ሸራ እንደረጠበ ተስቦ አደረ፤ ውርጩ ከጎማው ታምቡር ጋር አጣበቀው። ሙቅ ውኃ አምጡ!"

ለእንግዳ እጅ መታጠቢያ የተጣደው ውኃ በማንቆርቆሪያ መጣ። አባቴ በአዲስ ሱፉ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አፈሰሰበት። እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። ታምቡሩን በመዶሻ ቆርቆር፣ ቆርቆር አደረገውና ተመልሶ ገባ። አንደኛ ማርሽ።

ጧ! መኪናው ወደ ፊት ዘለለ፣ ዓይነ ርግቤ አፍንጫዬ ላይ ወደቀ፣ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። አክስቴ "ዓይን ነው አላልኳችሁም? ውኃ ሲነካው ለቀቀ!" እያለች ትጨፍራለች። አባቴ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ለሰውም ለከብቱም ጡሩምባ እየነፋ ነዳ። በመስታወቱ እያየኝ "አብሽሪ የኔ መካኒክ!" ይለኛል። ሙሽራውም ዝም በይ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ አልደገመውም።

የባለቤቴ ቤት ደጅም ቁልቁለት ነው። አባቴ እዚያ ሲደርስ የእጅ ፍሬኑን አልነካም፤ ድንጋዩን ከመኪናው አውጥቶ ጎማው ሥር ወሸቀ። ተበልቶ ተጠጥቶ ሊመለስ ሲነሣ እንደ ልማዱ በእግሩ ነካ አድርጎ አወጣው። ሞተሩ ተነሣ። የድንጋዩን ድምፅ ብጠብቅ የለም። ብወጣ ድንጋዩ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሙሽራነቴን ረስቼ በቬሎዬ ሮጥኩ።

"አባባ! ታኮዎን ረሱት!"

በመስኮት አንገቱን አወጣ። ፊቱ በእንባ ርሷል።

"አልረሳሁትም" አለኝ።