ወደ ኋላ የዞረው ቶርኖ

ባሌ አሰፋ ከመሞቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር የቶርኗችንን ኢንቨርተር አቧራ መጥረግ ነበር። እሱ ክዳኑን ፈትቶ ያዘልኝ፣ እኔ በቀለም ብሩሽ ማራገቢያውን ጠረግሁ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን የባቄላ እሸት እየፈለፈልን በላን።

ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ አያሌው ብረት የምንቀርጽበትን ቶርኖ ሊወስዱ የጭነት መኪና ይዘው መጡ። ለቀስተኛ በተቀመጠበት፣ “ሴት ቶርኖ ቤት ገብታ ያመጣችውን በዓይኔ አይቻለሁ” አሉ። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። አሮጌው ቶርኖ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል በሚያሳልፍ የካርቦን ቁራጭ የሚሠራ ዲሲ ሞተር ነበረው። ካርቦኑ ሲያልቅ መካነ ሰላም ቀርቶ ደሴም አይገኝም። አሰፋ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እየሰበረ፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዘንግ ሞርዶ ያስገባ ነበር። ሞተሩ እሳት እየተፋ ጥቂት ይሠራና ይቆማል። የተሰበረ የወፍጮ ዘንግ ከከላላ በበቅሎ ጭነው የመጡ ሰዎች ደጃችን ያድራሉ።

ደሴ ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ። ስሪ ፌዝ፣ ማለት በሦስት መስመር የሚሠራ ሞተር እናስገባ፣ ወደ ቤታችን የሚገባው መብራት ሲንግል ፌዝ፣ አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም ኢንቨርተር የሚባለው ዕቃ ሦስት ያደርገዋል፣ ፍጥነቱንም እንደ ራዲዮ ድምፅ በእጃችን እናዞረዋለን ያልሁት እኔ ነኝ። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ዕቃው መጣ። ገመዱንም የቀጠልሁት እኔ ነኝ።

ሞተሩ የሚነሣበት ቀን ግን ድግስ ሆነ። ጠላ ተጠመቀ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ አዲስ ነገር በታላቅ እጅ ይጀመራል ተብሎ ማስነሻው ለጋሼ አያሌው ተሰጠ። ዳቦ ይዤ ስገባ ብረት ጨብጦ የሚይዘው ከባዱ ቻክ በቦታው ተገጥሟል።

“ጋሼ፣ ይቆዩ። ሞተሩ ወዴት እንደሚዞር ገና አላየንም። ቻኩ እንደ ብሎን ተጠምዞ የገባ ነው፤ ወደ ኋላ ከዞረ ይፈታል። መጀመሪያ ይውጣ።”

“አንቺ ዳቦውን ቁረሺ።”

ሰው ሳቀ። አሰፋን አየሁት፤ ጫማውን ያያል።

ተጫኑት። ወደ ኋላ ዞረ። ቻኩ ተፈትቶ ወደቀ፣ ተንከባሎ የጠላውን ጋን ሰበረ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ጋሼ አያሌው ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ “ሴት የገባችበት ቤት” አሉ፤ ከተማው ያንን ይዞ ቀረ። እኔ ሁለት ገመድ አቀያየርሁ፣ ሞተሩ በትክክል ዞረ። ጥፋቱ ይኸው ነበር።

“አብሽሪ፣ ይረሱታል” አለኝ አሰፋ። አልረሱትም። እሱም አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት “ነግራን ነበር” አላለም። ደንበኛ ሲመጣ ወደ ጓዳ እገባለሁ፣ ሲሄድ ተመልሼ ዘንጉን እቀርጻለሁ። ሥራው የኔ፣ ምስጋናው የሱ ሆኖ ኖርን። እወደው ነበር፤ ይህን ግን ይቅር አላልሁትም። አሁን ደግሞ የምጨቀጭቀው ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት ግን ከለቀስተኛው መሀል ተነሥቼ ቶርኖ ቤቱን ከፈትሁ። ቻኩን አወጣሁ፣ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ወደ ኋላ አዞርሁት፣ ከዚያ ወደ ፊት። “የዚያን ጊዜ የሆነው ይህ ነው፤ ቻኩ እንዲህ ወጥቶ ቢሆን ጋኑ አይሰበርም ነበር” አልሁ።

ጎረቤታችን እቴቴ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “አያሌው፣ ዳቦውን ቁረሺ ብለሃት ነበር እኮ። እኔም ስቄያለሁ።”

ጋሼ አያሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። መኪናው ባዶውን ሄደ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቶርኖ ቤቱን እከፍታለሁ፤ ደንበኛ ሲመጣም እዚያው ቆሜ እሠራለሁ።