መብራት የቆረጠብን ፊልም

«በሩ ወደ ውጭ ነው እኮ የሚከፈተው! ሲገቡ ስበው አይደል የከፈቱት? ታዲያ ቁም ሳጥን ከውስጥ ቢያስደግፉበት ምን ሊፈይድ? አውሬው ሳብ ቢያደርገው በቃ!»

የሚጮኸው ጓደኛዬ ነው። ከእሁዱ የቀበሌ ስብሰባ ሾልከን፣ ጎፋ አንዲት ሴትዮ ሳሎን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጣብበን ቪዲዮ ስናይ፣ ልክ መጨረሻው ሲቃረብ መብራት ጠፋ። ዴኩንም ካሴቱንም የሚያከራየው ሰውዬ ሳሪስ ሌሎች ደንበኞች ይጠብቁኛል ብሎ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

«ጥሩ ነው ካላችሁኝ ለምኜም ቢሆን እስከ ነገ አስቀረዋለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ካልሆነ ይውሰደው።»

እኔ ፊልሙ ውስጥ ከአውሬው የተደበቀችው ልጅ ትትረፍ አትትረፍ ሳላውቅ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም። ተነሳሁ።

«የድሃ ፊልም ነው እትዬ፣ አልክድም። አውሬው ሰው ነው፤ ከጸጉሩ ስር ሸራ ጫማ አይቻለሁ። ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። ያ ወፍራሙ ደግሞ ከሞተ በኋላ ሲተነፍስ ነበር።»

«ጠበቃ ብሎ ዝም!» አለ ጓደኛዬ። ቤቱ ሳቀ።

«ቆይ! አውሬ የሚሠሩበት ገንዘብ ሲያጡ ምን አሳዩን? የበሩን እጀታ! ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፣ ይመለሳል። ያኔ እዚህ ቤት ቆሎ የቆረጠመ ሰው አለ? ልጅቷ አፏን በመዳፏ ስታፍን እኔም አፍኜ ነበር!»

ጓደኛዬ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው። «አውሬ እንዲህ አያጓራም» አለ። «እኛ ቤት ጅብ ሲመጣ ዝም ብሎ በረቱን ይዞራል። መምጣቱን የምታውቀው ላሞቹ ማመንዠክ ሲያቆሙ ነው።»

«ይኸው! እጀታው እኮ እሱ ነው!»

ያን ሰሞን የምሞካክራቸው ግጥሞች ሁሉ ጩኸት ነበሩ፤ ነጎድጓድ የሌለበት ስንኝ አልነበረኝም። ላሞቹ ማመንዠክ ሲያቆሙ። በልቤ ደገምኩት።

ሴትዮዋ ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «እህ፣ አንተስ? ይውሰደው?»

አንገቱን አከከ። «ልጅቷስ?»

«አስቀሩት እትዬ!» ብለን ሁላችንም ጮኽን።

ሰውዬው ግን ዴኩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፎታል። «ቃል ገብቻለሁ፣ አይሆንም» ብሎ ደፉን ተሻገረ።

«ጋሼ! እሱን ብቻ ይንገሩን፤ ትተርፋለች?» አልኩ።

ዞር ብሎ ጓደኛዬን አየው። «ቁም ሳጥኑን እየገፋች ሳለ እሷም ልክ እንዳንተ ትዝ ይላታል» አለ። «በሩ ወደ ውጭ እንደሚከፈት።»

 ለካ ፊልም ሠሪዎቹ እንደ ስህተት የቆጠርንባቸውን ነገር እስከዚያች ደቂቃ ደብቀው ያቆዩልን ኖሯል።

የሴትዮዋም በር ወደ ውጭ ነበር የሚከፈተው። ሰውዬው ከውጭ ሆኖ በክርኑ ገፋ አደረገና ዘጋብን።