የወንጂ ዋልካ

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ክረምቱ ሊገባ ሲል እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ሰሞኑን ከአዳማ መውጫ ላይ የናፍጣ ታንከር ዙሪያ ግድብ ሲሠሩ አየሁና የባጃጁን ሹፌር "ልጄ፣ እስቲ ቀስ በል" አልኩት። እነሱ በሲሚንቶ ነው የሚሠሩት፤ እኔን ግን የሸተተኝ የድሮው ጭቃ ነው።

ያኔ ከከተማው ዳር ባለ የነዳጅ ማከማቻ ቀጂ ነበርኩ። በየታንከሩ ዙሪያ ግድብ ይሠራ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ ታንከሩ ቢቀደድ ናፍጣው እዚያው እንዲቀር፣ ከታች ወዳለው ሰፈር የውሃ ጉድጓድ እንዳይወርድ። እኛም አጠገባችን ያለውን ነጭ አሸዋማ አፈር ቆለልነው። የአዳማን አፈር ታውቁታላችሁ፣ ለአካፋ ቀላል ነው። ሲያዩት ደግሞ ያምር ነበር። ተቆጣጣሪው መጥቶ ውሃ አስሞላበት፤ በማግስቱ ጠብታ አልተገኘም።

"ይሄ ወንፊት እንጂ ግድብ አይደለም" አለ። "ሰኞ እመለሳለሁ። ያን ጊዜም ውሃ ካልያዘ ማከማቻው ይታሸጋል።"

ለኔ ነገሩ ከደመወዝም በላይ ነበር። አያንቱን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ "ሥራ ያለው ልጅ ከሆነ እሺ" ብለው ነበር። ማከማቻው ከታሸገ አያንቱም ቀረች ማለት ነው።

ውሃ የሚይዝ ዋልካ በወንጂ በኩል ሞልቷል። መሬቱም ጋሪውም ያላቸው ደግሞ እኚሁ አባቷ ናቸው። ግን ያጨ ሰው የልጅቷን አባት ፊት ለፊት አያይም፤ መንገድ ላይ ቢያገኛቸው እንኳ ዞር ይላል። እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ጭንቀቴን ለሥራ ባልደረባዬ ለከድር አጫወትኩት። ከድር ምላሱ አያርፍም፤ ሳይነግረኝ በብስክሌት ወንጂ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ዋልካ የጫኑ ጋሪዎች ተከታትለው ገቡ። ፊተኛው ላይ የአያንቱ አባት ተቀምጠዋል። ሮጬ ከታንከሩ ጀርባ ተደበቅሁ።

"ልጁ የታል?"

"ከታንከሩ ኋላ ነው አባባ፣ እርስዎን አፍሮ" ብሎ ከድር አጋለጠኝ።

"ኮቱ!" አሉኝ በኦሮምኛ፤ "ና ውጣ! መደበቁን ለሰርግህ አቆየው። ዛሬ ጭቃ ርገጥ!"

ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። እሳቸውም ገቡ። ቤት እንደሚመርግ ሰው፣ እኔ አንገቴን እንደደፋሁ፣ ጎን ለጎን ስንረግጥ ዋልን። ጎረቤቶቻቸው በኦሮምኛ እያዜሙ ይደለድላሉ። የስንዴ ንፍሮ ሲቀርብ እኔ ፊቴን አዙሬ በላሁ፤ እሳቸው ሳቁ።

ሰኞ ውሃው ተሞላ። ማክሰኞ ተቆጣጣሪው ሲያይ ውሃው እንደተኛ ነው፤ እንቁራሪትም ገብታበታለች።

"ተከራይ እንኳ አግኝቷል" ብሎ ፈረመ።

እዚያ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ያን ግድብ ናፍጣ ነክቶት አያውቅም። ልፋቱ በከንቱ ቀረ የሚሉም ነበሩ። እኔ ግን ሳይፈለግ የሚያረጅ ግድብ ሳይ ደስ ይለኛል።

አማትን በስም መጥራት ነውር ነውና እስከ ዕለተ ሞታቸው ከ"አባባ" ሌላ ብያቸው አላውቅም። አያንቱ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ "አሁንስ ቢጻፍ ምን አለበት?" ትለኛለች።

ቱፋ ይባሉ ነበር።