ጎታ የፈረሰበት ሰፊ ቤት

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጠባብ መሆኑን አናውቅም ነበር፤ ያወቅነው አጎቴ ሞላ ከደብረ ታቦር መጥቶ ሲነግረን ነው። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ማዶ ባለች መንደር፣ በአንድ ክብ ጎጆ አባቴ፣ እናቴ፣ እኛ ልጆቹና የአባቴ አክስት እማሆይ ብርቄ እንኖር ነበር። ገብሱና ባቄላው የሚቀመጥባቸው ሁለት ትልልቅ ጎታዎች ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ ከእነሱ ጀርባ የእማሆይ መደብ አለ። ጎታዎቹን በጭቃና በጭድ እዚያው ቤት ውስጥ የሠሯቸው እማሆይ ራሳቸው ናቸው፤ ከበሩ ስለሚሰፉ ካልፈረሱ በቀር አይወጡም።

ያኔ ራት ተበልቶ እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ፣ እማሆይ ጀርባቸውን ለጎታው ሰጥተው፣ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያሳለፉ ተረት ይነግሩን ነበር። የኩራዙ ጭስ ወደ ጣራው ሲወጣ ጥላቸው ጎታው ላይ ይወዛወዛል፣ እኛም ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን እናያለን። ጭቃው የእሳቱን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ እኔ ሁልጊዜ ጉንጬን እሱ ላይ አስደግፌ ነበር የምሰማው።

አጎቴ ሞላ የአባቴ ታላቅ ነው። ከተማ ሱቅ የከፈተ፣ እናቴ ከወንዝ በተሸከመችው ውሃ ጫማውን የሚያጥብ፣ የምንበላውን እየበላ የምንኖርበትን የሚንቅ ሰው ነበር። ወንድ ልጁን ሊድር ነበርና የልጅቱ አባት ከወገዳ ተነሥተው የሙሽራውን የአባቶች ቤት ሊያዩ ይመጣሉ አለን።

«ይኼ ቤት ነው ወይስ ቀፎ?» አለ ዙሪያውን እያየ። «እንግዳ እግሩን የት ይዘርጋ? ከተማ ቢሆን የማይረባው ዕቃ ይወጣል፣ ግድግዳው ነጭ ይቀባል፣ ቤቱ ይፍታታል።»

ይፍታታል አለ፤ ቤቱን እግሩ የደነዘዘ በሬ አስመሰለው። አባቴ ደግሞ ለታላቁ እምቢ ማለት አያውቅም።

ያን ዕለት ማታ እማሆይ የአይጧን ተረት ነገሩን። አይጧ ጉድጓዷ ጠበበኝ፣ እንግዳ ቢመጣ አፍራለሁ እያለች በየቀኑ ትምሳለች። ጎረቤቶቿ ይብቃሽ ቢሏት፣ እናንተ ስፋት ምን ታውቃላችሁ ትላቸዋለች። ቆፍራ ቆፍራ ስትጨርስ ድመት ብቅ አለችና፣ «እንደምን አመሸሽ የኔ እመቤት፣ ደግሞ ደጃፍሽ እንዴት ያምራል፣ ጢሜን እንኳ አልነካኝም» ብላ ገባች።

አጎቴ ከተኛበት ቀና አለ። «እማሆይ፣ እኔን ነው?»

«አይ ሞላዬ፣ አንተማ ምን ድመት ትፈራለህ። ለልጆቹ ነው።»

እኛ አፋችንን በነጠላችን ይዘን ሳቅን፤ እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ ጎታዎቹ በዶማ ፈረሱ። እህሉ በጆንያ ተጠቅጥቆ ጓሮ ወዳለው የጥጆች ጎጆ ወጣ። መከለያ ስላልቀረ የእማሆይ መደብም ለዓይን ተጋለጠ፣ እሱም ፈረሰ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው፣ ከጥጆቹ ጋር ይሁኑ» አለ አጎቴ። እማሆይ ቁርበታቸውን ጠቀለሉና፣ «ይሁን፤ ጌታም የተወለደው በበረት ነው» ብለው ወጡ። እናቴ ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። እኛ ልጆች ማታ ማታ እማሆይን ተከትለን ጥጆቹ መካከል ተረታችንን ሰማን፤ ሰፊው ቤት ለአጎቴ ቀረለት። ግድግዳውን ኖራ አስቀብቶ፣ ከሱቁ ያመጣውን መስታወት በሩ ፊት ለፊት ሰቅሎ፣ ሲገባም ሲወጣም ራሱን ያይ ነበር።

የልጅቱ አባት እግራቸው አቧራ የለበሰ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ገበሬ ነበሩ። ተቀመጡና ዙሪያውን አዩ።

«ቤቱስ ሰፊ ነው» አሉ።

አጎቴ ደረቱ ተነፋ። «አስፍተነው ነው እንጂ ጠባብ ነበር።»

«ጎታው የት አለ?»

«አፈረስነው።»

«እህሉስ?»

«በጆንያ ነው፣ ጥጆቹ ጎጆ።»

«እዚህ ቤት ትልቅ ሴት አሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። እሳቸውስ?»

«እሳቸውም… እዚያው ናቸው።»

ሰውዬው ጠላቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲህ ልጄ ስታረጅ ወዴት እንደምታደርጓት አየሁ» አሉ፤ ከቤቱ ወጥተውም ወደ ጥጆቹ ጎጆ ሄዱና እማሆይን ጉልበታቸውን ስመው ተሰናበቱ። ጋብቻው በዚያው ቀረ። አጎቴ ጥፋቱን በጥጆቹ ሽታ አሳበበ።

አባቴ የዚያኑ ቀን ማንንም ሳይጠይቅ ጭቃ ሲረግጥ አየሁት። እማሆይ እያዘዙት መደቡን መልሶ ሠራ፣ ጎታዎቹም ቀስ በቀስ ተነሡ። አጎቴ መስታወቱን በጋቢ ጠቅልሎ ሄደ። ነፍሱን ይማር እላለሁ፣ በጸሎቴም አልረሳውም፤ ንቀቱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ዛሬ መካነ ኢየሱስ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በቀደም ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች፤ ጠባብ ቤት ሰፊ የሚመስልበት ዘዴ ነው አለች። መስታወት፣ ነጭ ቀለም፣ የማያስፈልገውን ማውጣት። ያ ሁሉ ሰው ስልክ ውስጥ ተሰብስቦ የአጎቴን ወሬ ያወራል!

«እማ፣ ያ መጋረጃ ቢነሣ እኮ ቤቱ እጥፍ ይሆናል» አለችኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ ትተኛለች። አልተቆጣሁም፤ አስቀምጬ የአይጧን ተረት ነገርኳት። ስጨርስ ከመጋረጃው ጀርባ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ጢሜን እንኳ አልነካኝም ያለችውን ዘለልሽው እኮ።»

ልጄ ስቃ ስልኩን አስቀመጠችና መጋረጃውን ገልጣ ከአያቷ አልጋ ጫፍ ላይ ወጣች። እኔም ገባሁ። ሦስታችን እዚያች ጥግ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ተቀመጥን፤ ያኔ ጉንጬ ላይ የነበረው የጎታው ሙቀት ትዝ አለኝ፣ የቀረው የክፍሉ ስፋትም ባዶውን ቆሞ ያየን ነበር።