የአባቴ ባልደረባ መርዶ

አባቴ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት በር ጠብቋል። «የጥበቃ ሠራተኛ» ሲሉት ይስቃል፤ «ዘበኛ ነኝ፣ ምን ታለባብሳላችሁ?» ይላል። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ቴክሳስ ስመጣ እሱ ጡረታ ወጥቷል፣ ዓይኑም ደክሟል፤ ከሬዲዮ በቀር የሚያጫውተው አልነበረም። እሑድ እሑድ ስደውልለት ወሬያችን ቶሎ ያልቅብናል። «በላሽ?» «በላሁ።» «ብርድ ነው?» «ኧረ ሙቀት ነው።» ከዚያ ዝም።

ከዝምታው ያወጣን መጽሐፍ ነው። የሰጠችኝም የአክስቴ ልጅ ናት። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ዩለስ በምትባል ከተማ፣ የዳላስ ኤርፖርት አጠገብ፣ በእሷ አፓርትመንት ሦስታችን እንኖራለን። አክስቴ ሆቴል ታጸዳለች፣ እኔ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ፣ ልጅቷ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ኮሌጅ ትማራለች። በመጣሁ በሁለተኛው ወር አንድ ድንጋይ የሚያህል መጽሐፍ ጭኔ ላይ ጣለችና «ይሄን አንብቢ፣ ሶ፣ እንግሊዝኛሽ ኢምፕሩቭ ያደርጋል» አለችኝ። ዘንዶ የሚበርበት፣ ንጉሥ ንጉሥን የሚያርድበት ታሪክ ነው። ሰባት ቅጽ ይሆናል ተብሎ ያኔ ስድስቱ ወጥተዋል። «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ ተረት የማነበው?» ብዬ ተኮሳተርኩ። በሦስተኛው ቀን የዕረፍት ሰዓቴ አልፎ ሱፐርቫይዘሬ ፈልጎ አገኘኝ።

በታሪኩ ውስጥ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ አለ፤ ሁለት መንግሥታትን የሚለይ ገደል ላይ የተሠራ ድልድይ ይጠብቃል። የሚያልፈውን ሁሉ፣ ልዑልም ይሁን ሌባ፣ «ወዴት ነው?» ሳይል አያሳልፍም። ዋና ሰው አይደለም። አንድ እሑድ የምለው ሳጣ ይህን ለአባቴ ተረክሁለት።

«ተለዋጭ የለውም?» አለኝ።

«ምን?»

«ቀኑንም ሌሊቱንም እሱ ብቻውን ነው የሚጠብቀው? አገራቸው ሕግ የለም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ስልኩን የሚያነሳው «ባልደረባዬ እንዴት ሰነበተ?» እያለ ሆነ። ለዘንዶው፣ ለዙፋኑ፣ ለጦርነቱ ደንታም የለው። ሽማግሌው ያልተነሣበት ምዕራፍ ከሆነ «እሺ፣ እሺ፣ ይሄን እለፊው» ይለኛል። እኔም መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ፣ ያልገባኝን ከራሴ እየጨመርኩ፣ ስድስቱን በሁለት ዓመት ተረክሁለት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ «አንቺ ወረቀቱን ይዘሻል፣ እኔ ሞኙ አንቺን።»

ሰባተኛው አምስት ዓመት አስጠበቀን። አባቴ ደራሲዋን ተቀየማት። «ሴትየዋ ታማ ነው? ጠበል ይውሰዷት እንጂ!» ይል ነበር። በመጨረሻ የመውጫው ቀን ሲቈረጥ ነገርኩት፤ ማክሰኞ ነው። ወንድሜን ጠርቶ የግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስከበበው። «መጀመሪያ የምትነግሪው ለኔ ነው» አለኝ። «ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። ዘበኛ ክፉ ወሬ ከሰው ቀድሞ መስማት አለበት።» ቃል ገባሁለት።

መጽሐፉ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት፣ አባቴ ሞተ። እኔ አላወቅሁም። አክስቴ ዕለቱን ሰምታለች፣ ልጅቷም ሰምታለች። መርዶ እንደ ወሬ በስልክ አይወረወርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ሰውየው ሳይወጣ ደርሶበት ነው የሚነገረው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሁሉም ፈረቃ ነው፤ ሰው አንድ ላይ የሚገኘው ቅዳሜ ነው። ያኛው ቅዳሜ ስላልተመቸ የሚቀጥለው ተቈረጠ። አክስቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ «አምስት ዓመት የጠበቀችውን እስክታነብ እንኳ ትረፍ» ብላም አስባልኛለች። አስባልኛለች! ይህን ስሰማ ምን ልበል?

በዚያ ሳምንት የአክስቴ ዓይን በርበሬ መስሎ ነበር። «አለርጂ ነው» አለችኝ። ዳላስ በዚያ ወቅት ግማሹ ሰው ያነጥሳል፣ ያለቅሳል፤ አመንኳት። እንዲያውም መድኃኒት ገዝቼላት መጣሁ። ተቀብላ ዋጠችው።

ማክሰኞ ጠዋት የአክስቴ ልጅ አዲሰን ከተማ ወዳለ መጽሐፍ ቤት ነዳችኝ። ሳይከፈት በፊት ሰልፉ ፓርኪንጉን ዞሮታል። ካባ የለበሱ፣ የካርቶን ሰይፍ የታጠቁ ጎልማሶች፤ እንደ ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን በጥቁር ጨርቅ የሸፈኑም ብዙ ነበሩ። አባቴ ቢያይ እንዴት በሳቀ ብዬ ፎቶ አነሣሁለት። መጽሐፉን እንደያዝኩ ድምፄን ቀድቼ ላክሁ፦ «አባዬ፣ ይዤዋለሁ! ባልደረባህ እጄ ላይ ነው!» አንድ ምልክት ብቻ አሳየኝ፤ አልደረሰም። ወንድሜ ቀደም ብሎ «ስልኩ ተበላሽቶ ሠሪ ጋ ነው» ብሎኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛ ነበር፣ በጣም አጥብቃ። ለመጽሐፉ ጓጉታ መሰለኝ።

ረቡዕ አንዲት ወጣት ተሳፋሪ ስገፋ ያው መጽሐፍ ጭኗ ላይ ነበር፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። እኔም እያነበብኩ እንደሆነ ስነግራት መጽሐፉን በሁለት እጇ ሸፈነችውና «ምንም አልነግርሽም፤ ብቻ ሶፍት አዘጋጂ» አለችኝ። ኢንተርኔቱ ደግሞ ታመሰ። አንዱ መጽሐፉን ፍሪዘር ውስጥ ሲቈልፍበት ቪዲዮ ቀርጿል። ሌላው ለደራሲዋ የስድብ ደብዳቤ ጽፎ ለሁሉ አንብቧል። «ከሥራ ቀርቻለሁ፣ ቤተ ሰብ ሞቶብኛል አልኳቸው» ያለችም ነበረች። ማን እንደሞተ እንዳላይ ስልኬን አጠፋሁ።

ዓርብ ዕረፍቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እያነበብኩ ሰው ሁሉ ያለቀሰበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ጠላት ድልድዩን ሊሻገር ሲል ሽማግሌው መሐል ላይ ቆሞ «ቍረጡት» ይላል። እሱ እንዳለበት ይቈርጡታል። በቃ፣ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ዋና ሰው አይደለማ!

አለቀስኩ። ለሽማግሌው ብቻ አይደለም፤ ለአባቴ ምን ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ ነው። «ክፉም ቢሆን ንገሪኝ» ብሎኛል። ግን ደካማ ሰው ነው፣ ብቻውን ነው የሚውለው፣ ምን አስነገረኝ? እዚያው ቍጭ ብዬ ወሰንኩ፤ አልነግረውም። ተረፈ፣ ተለዋጭ ተሰጠው፣ ጡረታ ወጣ እለዋለሁ። ውሸቱን በቃሌ እያጠናሁ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅሁ ሳለ በሩ ተከፈተ።

አክስቴ ከሥራ መግባቷ ነው፤ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች። አየችኝ። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«ማነው የነገረሽ?» አለች።

እኔ መጽሐፉን አሳየኋት መሰለኝ፣ እሷ ግን መጽሐፍም አላየች፣ እኔንም ከዚያ ወዲያ አላየች። «ወይኔ ወንድም ጋሼ! ወይኔ መከታዬ! ሳልቀብርህ!» እያለች ደረቷን ደቃች፣ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። አንድ ሳምንት ሙሉ በገዛ ቤቷ ማልቀስ ተከልክላ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ለእኔ ምሳ ስትቋጥር የቆየች ሴት ናት። እርሟን አወጣች። እኔ ግን ቆሜ አያት ነበር። የእሷ ወንድም ጋሼ አንድ ነው። አንድ ብቻ ነው ያላት። ይህን ለማሰብ የፈጀብኝን ጊዜ ዛሬም አልረሳውም።

ቅዳሜ የተጠራው ሰው ሁሉ መጣ፤ ሊያረዱኝ የመጡት የሚያስተዛዝኑኝ ሆኑ። እንባ አልነበረኝም። ለድልድይ ጠባቂው ጨርሼው ነበር መሰለኝ፤ ሴቶቹ «ደንዝዛለች» ይባባላሉ። ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጅ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ቪዲዮ አሳየችኝ። አንባቢዎቹ ዋይሊ አካባቢ አንድ ኩሬ ዳር ተሰብስበው ለሽማግሌው የወረቀት ጀልባ ለቀዋል፣ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። «ለአባትሽም አንድ ጀልባ አደረጉ፣ እኔ ነገርኳቸው» አለችኝ። የልጅቷ ነገር ከልቧ ነበር። እኔ ግን ጮኽኩባት። «እነሱ እኩል ነው የሰሙት! እዚያ ማንም ከማንም አልደበቀም! አንቺ እጄን ይዘሽ ሰልፍ ታሰልፊኛለሽ!» ከመጡት አንድ አዛውንት «ተይ ልጄ፣ ላንቺው ብለው ነው» አሉኝ። ለኔ ብለው ነው። እኔም ለሱ ብዬ ልዋሽ ነበር፣ አውቃለሁ። ማወቄ ንዴቴን አላበረደውም።

በሰልስቱ ማግስት ወንድሜ ደወለ። ጥፋተኛ ሰው በሚናገርበት ድምፅ አወራኝ። አባቴ ከመሞቱ በፊት ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እሱንም «እንዳትጨነቂ» ብለው አልነገሩኝም።

«ሐሙስ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ነቃ አለና መጽሐፉ ወጣ ወይ አለኝ» አለ ወንድሜ። «ደስ እንዲለው ብዬ፣ ወጥቷል፣ ደውላ ነበር፣ ባልደረባህ ደኅና ነው አልኩት።»

«እሺ፣ ምን አለህ?»

«ሳቀብኝ። ‹ውሸታም፣ የሚወጣው ማክሰኞ ነው› አለኝ። ከዚያ ‹ስልኩን ስጠኝ፣ ከሷ ጋር ልጫወት› አለ።»

«አንተስ?»

«ኔትወርክ የለም አልኩት» አለኝ።

ሰዓቱን ወደ እኛ መለስኩት። ሐሙስ እኩለ ቀን ነው። አውሮፕላን ዘግይቶብኝ፣ በር ላይ፣ ባዶ ዊልቸር አጠገብ፣ ስልኬን በእጄ ይዤ ተቀምጬ ነበር።