ለእንግዳዋ የሞላነው መደርደሪያ

ዛሬ ጠዋት ወርክሾፓችን በር ላይ አዲስ የመጣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካርቶን ሲከፈት፣ የካርቶኑ ሽታ ካለሁበት ወሰደኝ። ደረቅ ወረቀት፣ ሙጫና ትንሽ አቧራ፤ ሌላ ሰው ልብ የማይለው ሽታ ነው። አስተማሪያችን ስለ ሽቦ ውፍረት እያስረዳ ነበር። እኔ ግን ለጥቂት ደቂቃ ጻካኔ በሚባለው ሰፈራችን፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ነበር።

አንቺም እንደ እኔ ከፋይ እየፈለግሽ ስለሆነ፣ ለኮሌጅ የሚከፍልልኝን ከየት እንዳገኘሁ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ በሁለት መስመር ልመልስልሽ ጀምሬ አጠፋሁት። በሁለት መስመር አይነገርም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

የአባቴ ሱቅ እዚህ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ነበር፤ ከአንዲት አሮጊት የተከራየው ጋራዥ። ጠዋት ፀሐይ በብረት ፍርግርጉ ገብታ ወለሉ ላይ መስመር በመስመር ትተኛ ነበር። ዳቦ ሲመጣ ሱቁ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳሙናና ነጭ ጋዝ። የሰፈሩ ልጆች ሳንቲማቸውን ብረቱ ላይ እያንኳኩ “ማሉሜ! ማሉሜ!” ይሉታል፤ አጎቴ ማለታቸው ነው። እናቴ ከታናናሾቼ ጋር አገር ቤት፣ ሆሳዕና ስለነበረች እዚህ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ማትሪክ በተፈተንኩበት ዓመት ከዋናው መንገድ ማዶ ትልቅ ሱፐርማርኬት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ዕቃችን እየሳሳ ሄደ። አባቴ ግን መሳሳቱ እንዲታይ አልፈቀደም። የሩዙ፣ የዘይቱ፣ የሳሙናው ካርቶን ባዶ ሲሆን አይጥለውም። ክዳኑን በፕላስተር ያሽግና ጽሑፉን ወደ መንገዱ አዙሮ መልሶ ይደረድረዋል፤ ከፊቱ አንድ ረድፍ እውነተኛ ዕቃ ያቆምለታል። “ባዶ መደርደሪያ ደንበኛ ያባርራል” ይለኝ ነበር። “ሰው የሚሄደው ዕቃ ወዳለበት ነው።” ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያደርጉት ነው፤ ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። እኔም ጎበዝ ደርዳሪ ነበርኩ። የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ እኩል ካልሆነ ልቤ አያርፍም።

የኮሌጁ የመግቢያ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደስታዬ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ክፍያው የተጻፈበትን ገጽ ይዤ ወደ ትምህርት ቤታችን አማካሪ ሄድኩ። እሷም ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ አስረዳችኝ፤ እኔም በደብተር ጻፍኩ። የመንግሥቱ ድጋፍ ጥሩ ነው፤ ግን የአገሪቱን መታወቂያ ይጠይቃል፣ የእኔ ደግሞ የስደተኛ ወረቀት ነው። የባንክ ብድር ደመወዝተኛ ዋስ ይፈልጋል፤ እኛ የምናውቀው ሰው ሁሉ ነጋዴ ነው። ኮሌጁ ራሱ የሚሰጠው ቅናሽ ከመጀመሪያው ዓመት ውጤት በኋላ ነው። የቀረኝ አንድ ትንሽ የግል ድርጅት ነበር። የተማሪው ወረቀት የየትም አገር ይሁን፣ ቤተሰቡ በቂ ገቢ እንደሌለው ካረጋገጠ ይከፍላል። ቅጽ ያስሞላል፣ ውጤት ያያል፣ በመጨረሻም ቤት ድረስ ሰው ይልካል። እሱ ካልተሳካ የሚቀጥለውን ዓመት የማሳልፈው ዳቦ እየሸጥኩ ነው። ይህን አባቴም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ቅጹን እኔ እየተረጎምኩለት ሞላነው።

“የወር ገቢያችሁ ስንት ነው ይላል፣ አባዬ።”

“ጌታ ይመስገን ብለሽ ጻፊ።”

“ጌታ ይመስገን የሚጻፍበት ቦታ የለውም።”

“እንዴት ያለ ወረቀት ነው! በይ አንቺ የምታውቂውን ጻፊ።”

የማውቀውን ጻፍኩ። ሳያነበው ፈረመ።

ሐሙስ ጠዋት ከድርጅቱ አንዲት ሴት ልታየን እንደምትመጣ ስነግረው ግን የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እንግዳ። ረቡዕ ባንኮኒውን ቀለም ቀባ። ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠበ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ከጎረቤታችን ባለሱቅ፣ ከስልጤው ሰውዬ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ለአንድ ቀን ተውሶ መጣ። ባለሱቁ ራሱ አንዱን ከረጢት ተሸክሞ እየሳቀ ተከተለው።

“ቆይ፣ ሴትዮዋ ልትረዳችሁ ነው የምትመጣው ወይስ ልታገባህ?” አለው።

“ዝም ብለህ አውርድ!”

“ወላሂ፣ ይህን ሱቅ ካየች ብድር ትጠይቅሃለች።”

እኔ አልሳቅኩም። “አባዬ፣ የምትመጣው እኮ ችግራችንን ልታይ ነው” አልኩት።

መሰላል ላይ ነበር። ዞር ብሎም አላየኝ። “ለእንግዳ ችግር አይቀርብም” አለኝ። “ያንን የሩዝ ካርቶን አቀብይኝ።”

አቀበልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማቀበልም አልፌ እኔው ደረደርኩት። እስከ ጣሪያ ሞላነው፤ እንዲያ አምሮ አያውቅም። አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያየው ፊቱ በራ፤ እኔም እሱን አይቼ ደስ አለኝ። ምን እንዳደረግን በደንብ የገባኝ ጠዋት ሴትዮዋ ከታክሲ ስትወርድ ነው።

ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። “ሳውቦና፣ ባባ” ብላ በዙሉ ሰላምታ ሰጠች። አባቴ በሙሉ ድምፁ “ዬቦ፣ ማማ! ንጂያኒ?” ብሎ ደህንነቷን ጠይቆ ተቀበላትና እምቢ ከማለቷ በፊት ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፈተላት። ተቀመጠች፤ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለችና ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ከዚያ ቅጹን አየች። እንደገና መደርደሪያውን።

“ይህ ሱቅ በደንብ የሚሠራ ይመስላል” አለችኝ በእንግሊዝኛ። “ቅጹ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው።”

ተረጎምኩለት። አባቴ ጀርባውን አቀና። የዙሉ ቋንቋው ለመሸጥ የሚበቃ ነው፤ ለቁም ነገር ግን አማርኛ ነው የሚናገረው። “በያት፣ ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም። የምትማረው ጎበዝ ስለሆነች ነው በያት።”

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር፤ እሱ እንግሊዝኛ አይሰማም። ግን በአባቴ አፍ እሱ ያላለውን መናገር አልሆነልኝም። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። ያቺ ቀጭን ድምፅ እስከ ዛሬ ትሰማኛለች።

“ይቅርታ፣ ይህን ደግሞ የምለው እኔ ነኝ” አልኳት። ከመደርደሪያው አንዱን የሩዝ ካርቶን አውርጄ ዘረጋሁላት። ጽሑፉ ሃያ ኪሎ ይላል። ክብደቱን ለመቀበል እግሯን ከፈት አድርጋ ሁለት እጇን አዘጋጀች፤ ስትይዘው እጆቿ ወደ ላይ ወጡ።

አባቴ እኔን አላየኝም። ያየው ካርቶኑ የነበረበትን ክፍት ቦታ ነው።

“ተይ፣ ልጄ” አለ ቀስ ብሎ።

“የቀሩትም አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው” አልኳት። “ክብደት ያለው ዕቃ ደግሞ የጎረቤታችን ነው፤ ማታ እንመልሳለን። ቅጹ ላይ የጻፍኩት እውነት ነው።”

ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ አላዘነችምም። ተነሥታ ካርቶኑን በሁለት እጇ ወደ ቦታው መለሰችው። ጽሑፉን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ጠርዙን ከጎኑ ካለው ጋር አስተካከለች። “ማን ነው የደረደረው?” ብላ ጠየቀች።

ተረጎምኩለት። አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። “እሷ ናት። እኔ እንኳ እንዲህ አላሳምርም።”

ይህንንም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን ከፍታ ረጅም ነገር ጻፈች።

ከሄደች በኋላ አባቴ አልተቆጣኝም። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የተዋሰውን መንገዱን እያቋረጠ መለሰ፤ በማግስቱ ባዶ ካርቶኖቹን ሁሉ አወረደ፤ እየረገጠ ጠፍጣፋ አድርጎ ለሚሰበስቡት ሰጠ። የስልጤው ባለሱቅ ከማዶ “ምነው ሱቁን ገፈፍከው?” ሲለው እጁን ብቻ አወዛወዘ። እንደገና አልደረደረም። በታኅሣሥ ሱቁን ዘጋና ፎርድስበርግ በሚባለው የንግድ ሰፈር ከአንድ ጅምላ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ። ሱቁን የዘጋው ሱፐርማርኬቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህን አምናለሁ። ያ ጠዋት ተመልሶ ቢመጣም ያንኑ ካርቶን አወርዳለሁ። አንቺም የሚያይሽ ሰው ሲመጣ ያለውን አሳዪ፤ ምክሬ ይኸው ነው።

የድርጅቱ ደብዳቤ የደረሰኝ በጥር ነው። ታክሲ ይዤ በምሳ ሰዓት ፎርድስበርግ ሄድኩ። አባቴ የጅምላ መጋዘኑ በር ላይ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ ዳቦ እየበላ ነበር። እጁን በሱሪው ጠርጎ “አንብቢልኝ” አለኝ።

እንደሚከፍሉልኝ የሚለውን አነበብኩለት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ የተመረጥኩባቸው ምክንያቶች በቁጥር ተዘርዝረዋል። የማትሪክ ውጤቴ፤ የአማካሪዋ ምስክርነት፤ የመረጥኩት ሙያ። ከዚያ ደብዳቤውን ማጠፍ ጀመርኩ።

ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። “ቁጥሩ አራት ይላል” አለ። “ያነበብሽልኝ ሦስት ነው።”

አራተኛው በጉብኝት ስለተረጋገጠው የቤተሰባችን ችግር ነበር። ያን ሁሉ ቃል በቃል ስተረጉም ኖሬ፣ ለዚያ አንድ መስመር አማርኛ አጣሁለት።

“አራተኛው ያው ነው፣ አባዬ” አልኩት። “ስለ ውጤቴ ደግመው ነው የጻፉት።”

ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አነሣ።

“እንዲህ ከሆነ ሦስቱ ይበቃል” አለ። ከዚያም ወደ ሠራተኞቹ ዞረ፤ በሱቁ ዘመን እንግዳ ይቀበልበት በነበረው ድምፅ “ልጄ ናት! በውጤቷ ነው የመረጧት!” አላቸው።

ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔም ጎንበስ እያልኩ አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው።